ጋብቻ፣ ቀኖናና ወንጀል፦ የሲኮች ክርክር በሆላንድ መስተዋት ሲታይ

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዘ ሄግ ከእኛ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ሌላ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ቤተ ጸሎት፣ እነርሱ ጉርድዋራ የሚሉት፣ ይገኛል። ሲኮች እንደ እኛ የአባቶቻቸውን እምነት፣ የማዕድ ሥርዓታቸውንና የጋብቻ ወጋቸውን ተሸክመው ወደዚህ አገር የመጡ ሕዝብ ናቸው። ልጆቻቸው የሚያድጉበት አገር ደግሞ ለሁለት ወንዶች ወይም ለሁለት ሴቶች የጋብቻን በር በሕግ በመክፈት ከዓለም መንግሥታት ሁሉ የቀደመ ነው። ሲኮች በዚህ ጉዳይ ላይ ለሃያ ዓመታት ያህል በግልጽ ሲከራከሩ ቆይተዋል። እኛ ግን ነገሩን በሹክሹክታና በእርግማን መካከል አስቀምጠን አልፈነዋል። የሲኮችን ክርክር ለመመርመር የተነሣነውም፣ ለእኛ ሳይነገር የቀረው ነገር በእነርሱ ዘንድ ተነግሮ ስላገኘነው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሌላው ሃይማኖት ላይ ፍርድ መስጠት አይደለም። ዓላማችን የቀረቡት መከራከሪያዎች የቱን ያህል ክብደት እንዳላቸው መመዘን፣ በተለይም የሃይማኖት ቀኖና፣ የመንግሥት የጋብቻ ሕግና የወንጀል ሕግ የሚባሉት ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች እንዴት እርስ በርስ እንደተምታቱ ማሳየት ነው። ‹ዓ.ም.› ተብሎ ካልተጻፈ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

፩. የአካል ተኽት ቃል

በ2005 መጀመሪያ ላይ፣ ካናዳ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመላው አገሪቱ ለመፍቀድ በምትከራከርበት ወቅት፣ በአምሪትሳር የሚገኘው የሲኮች የበላይ የሃይማኖት ሥልጣን አካል ተኽት በጊዜው መሪው በጃቴዳር ጆጊንደር ሲንግ ቬዳንቲ አማካይነት ተቃውሞውን አሰማ። የተባለው ነገር ሲጠቃለል ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ ድርጊቱ ከተፈጥሮ ውጭ ነው። ሁለተኛ፣ ከሲክ ሥርዓት ጋር ስለማይስማማ በጉርድዋራ ውስጥ ሊፈጸም አይገባም። ሦስተኛ፣ በካናዳ ምክር ቤት ያሉ የሲክ ተወላጆች ሕጉን መቃወም አለባቸው። የካናዳ ምክር ቤት ግን ሕጉን አጽድቆ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሥራ ላይ አዋለው።

እነዚህን ሦስት ነጥቦች እንደ አንድ አድርጎ መቀበልም ሆነ መጣል ቀላል ነው። የሂስ ሥራ ግን መለየት ነው። ሁለተኛውን ነጥብ እንውሰድ። የሲኮች የጋብቻ ሥርዓት አናንድ ካራጅ ይባላል። ሙሽሮቹ በቅዱሱ መጽሐፍ በጉሩ ግራንት ሳሂብ ዙሪያ አራት ጊዜ ይዞራሉ። በእያንዳንዱ ዙር የሚዜመው ላዋን የተባለው ድርሰት የአራተኛው ጉሩ የራም ዳስ ሲሆን፣ የሚናገረውም ስለ ነፍስና ስለ ፈጣሪ አንድነት ነው። በ1945 የጸደቀው የሲኮች የሥነ ምግባር ደንብ ይህን ሥርዓት የሚያስቀምጠው በወንድና በሴት መካከል ነው። እንግዲህ አንድ የሃይማኖት ማኅበር የራሱን ምሥጢር ለማን እንደሚፈጽም ራሱ ይወስናል ቢባል፣ የእምነት ነፃነትን የሚያከብር ሰው የሚከራከርበት ነገር የለም። በ2023 በፑንጃብ በባቲንዳ ከተማ በአንድ ጉርድዋራ የሁለት ሴቶች ጋብቻ በተፈጸመ ጊዜ አካል ተኽት ሥርዓቱን ባስፈጸሙት ላይ እርምጃ መውሰዱም በዚሁ የውስጥ ሥልጣን ክልል የሚታይ ነው።

አንደኛው ነጥብ ግን ሌላ ጣጣ አለው። 1,430 ገጾች ያሉት ጉሩ ግራንት ሳሂብ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በቀጥታ የሚናገረው ነገር የለም። የሥጋ ምኞትን፣ ቁጣን፣ ስስትን፣ የዓለም ፍቅርንና ትዕቢትን አምስት የነፍስ ሌቦች አድርጎ ያወግዛል፤ የትዳርንም ኑሮ ከምንኩስና አስበልጦ ያከብራል። ከዚህ የተነሣ ወግ አጥባቂዎቹ ‹ትዳር የተባለው የወንድና የሴት ነው፤ የቀረው ምኞት ነው› ይላሉ። አሳብ አራማጆቹ ደግሞ በተቃራኒው ‹ነፍስ ጾታ የላትም፤ በጉሩዎቹ ድርሰት ወንዱም ሴቱም የአንድ ፈጣሪ ሙሽራ ነው› ሲሉ ይመልሳሉ።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከመጽሐፉ ያገኙት ከፈለጉት በታች ነው። ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ ዝምታ ክልከላም አይደለም። የነፍስ ሙሽራነት ምሳሌም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአንድምታ ሊቃውንቶቻችን መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን የክርስቶስና የቤተ ክርስቲያን ፍቅር አድርገው ሲተረጉሙ፣ ጢም ያለው መምህር ራሱን በሙሽሪት ቦታ ሲያስቀምጥ ማንም አልተደናገጠም። ነገር ግን ከምሥጢራዊ ምሳሌ ተነሥቶ የማዘጋጃ ቤት ሕግ ማውጣት አይቻልም። ምሳሌው የሚያስተምረን አንድ ነገር ቢኖር፣ ሃይማኖት ስለ ፍቅር ሲናገር ሁልጊዜ ስለ ሥጋ ብቻ እንደማይናገር ነው። ይህም ቁጥብነትን እንጂ የአንዱን ወገን ድል አያረጋግጥም።

የሦስተኛው ነጥብ ስሕተት ከሁሉም የጎላ ነው። ‹በቤታችን አንፈጽመውም› ከሚለው ተነሥቶ ‹ማንም በየትም እንዳይፈጽመው ሕግ ይከልክል› ወደሚለው የሚያሻግር ድልድይ አልተሠራም። ሲኮች ጥምጥማቸውንና ኪርፓን የሚሉትን ቅዱስ ሰይፋቸውን በካናዳ አደባባይ ይዘው ለመውጣት የታገሉት፣ ‹የብዙኃኑ ልማድ በጥቂቶች ላይ ሕግ ሆኖ አይጫን› በሚል መሠረት ነበር። በራሳቸው ላይ እንዳይደርስ የተሟገቱበትን ነገር በሌላው ጥቂት ላይ እንዲደርስ ሲጠይቁ የቆሙበትን መሬት ራሳቸው መናዳቸው ነው።

፪. ‹መጤ ነው› የሚለው ክርክር

በፑንጃብም በአዲስ አበባም ደጋግሞ የሚሰማው መከራከሪያ ‹ይህ የምዕራባውያን ነገር ነው› የሚለው ነው። በሥነ ምግባር ክርክር ውስጥ የአንድ ነገር የትውልድ ስፍራ ማስረጃ እንደማይሆን ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም። ሆኖም መከራከሪያውን በራሱ ሚዛን፣ ማለትም በታሪክ፣ እንመርምረው።

የሲክ መንግሥት በ1849 በእንግሊዞች እጅ ወድቋል። ከዐሥራ አንድ ዓመታት በኋላ፣ በ1860፣ የእንግሊዝ ገዢዎች ያወጡት የሕንድ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 377 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ይህ አንቀጽ ከነፃነት በኋላም ለሰባ ዓመታት ያህል ቆይቶ፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 መስከረም 2018 ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያደርጉትን ከወንጀልነት አወጣው። ይኸው ፍርድ ቤት በ17 ጥቅምት 2023 ጋብቻን በተመለከተ ግን ጉዳዩ የምክር ቤት እንጂ የፍርድ ቤት ሥልጣን አይደለም ብሎ ሳይፈቅድ ቀርቷል። እንግዲህ በዚያ አገር መጤው የትኛው ነው? ከውጭ መምጣቱ በሰነድ የተረጋገጠው ቅጣቱ ነው።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊስ ተወላጅ የሆኑት የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው። ሕጉ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በአንቀጽ 600 በወንጀልነት ሲደነግግ፣ የአርቃቂው የገዛ አገር ስዊስ ለአካለ መጠን በደረሱ ሰዎች መካከል ሲሆን ይህን ድርጊት ከ1942 ጀምሮ ከወንጀል አውጥታው ነበር። ድንጋጌው በ1996 ዓ.ም. በታወጀውና በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 እና 630 ቀጥሏል። በአንቀጽ 629 ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ ማክበጃ ሁኔታ ሲኖር አንቀጽ 630 እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል።

ይህን ስንል ክልከላው ሙሉ በሙሉ ከጄኔቭ የመጣ ነው ማለታችን አይደለም። ድርጊቱን የሚያወግዘው ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችንም በእስልምናም ከዘመናዊው ሕግ በፊት የነበረ ነው። ነጥባችን ይህ ነው፦ ‹አገር በቀል› እና ‹መጤ› የሚለው መለያ እዚህ ላይ አይሠራም። የነገሥታቶቻችን የፍርድ መሠረት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ራሱ በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የቅብጥ ሊቅ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ካጠናቀረው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። አባቶቻችን ከውጭ የመጣውን መርምረው፣ የሚበጀውን ተቀብለው የራሳቸው አድርገዋል። የእኛ ትውልድ ‹መጤ› የሚለውን ቃል በምርመራ ቦታ መተካቱ ከዚያ ወግ መውጣት ነው።

፫. መስተዋቱ ራሱ

አሁን ደግሞ የተጠለልንበትን አገር እንመልከት። የሆላንድ የታችኛው ምክር ቤት ሕጉን በ12 መስከረም 2000 በ109 ድምፅ ለ33 አጽድቆ፣ የላይኛውም በታኅሣሥ ተቀብሎት፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2001 ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። የአምስተርዳሙ ከንቲባ ዮብ ኮኸን በዚያች ሌሊት በማዘጋጃ ቤቱ አራት ጥንዶችን አጋቡ።

ይህ ሥነ ሥርዓት በሆላንዳውያን ዘንድ የአገሩ ጥንታዊ ጠባይ ሆኖ ሲተረክ እንሰማለን። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1730 ከኡትረኽት የተነሣው የሰዶማውያን አደን ወደ አምስተርዳምና ወደ ዘ ሄግ ተዛምቶ ብዙዎች በሞት ተቀጥተዋል። የወንጀል ድንጋጌው የተሻረው አገሪቱ በፈረንሳይ ሥር በነበረችበት በ1811፣ በፈረንሳይ ሕግ ነው፤ ይኸውም በቃሉ ሙሉ ትርጉም መጤ ነበር። በ1911 ደግሞ አንቀጽ 248ቢስ የሚባለው ሕግ ለተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ብቻ የዕድሜ ወሰኑን ከ16 ወደ 21 ከፍ አድርጎ ለስድሳ ዓመታት አስቀጥቷል፤ የተሻረው በ1971 ነው። በአምስተርዳም በ1946 የተመሠረተው ሲ ኦ ሲ የተባለው ማኅበር አብዛኛውን ዘመኑን ያሳለፈው ለዚህ ለውጥ በመታገል ነው። መብቱ የተገኘው በትግል እንጂ በደም አይደለም። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ማንኛውም ሕዝብ ሊያገኘው የሚችል ነገር ነው ማለት ነው።

አስተናጋጆቻችን ይህን የገዛ ታሪካቸውን ሲረሱ ነው ነገሩ በመጻተኛው ላይ በትር የሚሆነው። በግንቦት 2001 በሮተርዳም የነበሩት ኢማም ኻሊል ኤል ሙምኒ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ለኅብረተሰቡ ጎጂ የሆነ በሽታ አድርገው በቴሌቪዥን በተናገሩ ጊዜ አገሩ ተናወጠ። ፍርድ ቤቱ በ2002 ንግግሩን የሃይማኖት እምነት መግለጫ ነው ብሎ በነፃ አሰናበታቸው። በዚያው ዓመት የሮተርዳሙ ፖለቲከኛ ፒም ፎርታውን፣ ወንዶችን አፍቃሪ መሆናቸውን ሳይሸሽጉ፣ እስልምናን ኋላ ቀር ባህል ብለው ለስደተኛ በር መዝጋትን ሰበኩ፤ በ6 ግንቦትም ተገደሉ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ወደ ሆላንድ ለመግባት ከሚፈተኑት ብዙዎቹ በሚመለከቱት የማስተዋወቂያ ፊልም ውስጥ ሁለት ወንዶች ሲሳሳሙ እንዲታይ ተደረገ።

እዚህ ላይ የምናቀርበው ትችት ቀላል ነው። በ2000 ሕጉን የተቃወሙት 33 የምክር ቤት አባላት በአብዛኛው የክርስቲያን ፓርቲዎች ሰዎች፣ ተወልደው ያደጉ ሆላንዳውያን ነበሩ። በዜግነታቸው ላይ ግን ጥያቄ አልተነሣባቸውም። አንድ ሲክ፣ አንድ ሞሮካዊ ወይም አንድ ኢትዮጵያዊ ይህንኑ አሳብ ሲይዝ ግን ‹ለዚህ አገር አልበቃም› ይባላል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ ነው። ነፃነትን የጎሳ መለያ ማድረግ ነፃነትንም ይጎዳል፤ መጻተኛው ‹የእነርሱ ነገር› ብሎ እንዲርቀው ይገፋፋዋልና።

ሆኖም ከአገሩ ሕግ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በሆላንድ ሕግ መሠረት ማናቸውም የሃይማኖት ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ጋብቻው በመንግሥት ሹም ፊት መፈጸም አለበት። በመንግሥት ዘንድ የሚጸናው የማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ ብቻ ነው። ስለዚህ የ2001 ሕግ ጉርድዋራውንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ መስጊዱንም ምንም አላስገደደም። እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ቤት ተከራክሮ የራሱን ውሳኔ ወስዷል። ሬሞንስትራንት የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ሕጉ ከመውጣቱ ዐሥራ አምስት ዓመት ቀድመው፣ በ1986፣ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን መባረክ ጀመሩ። በ2004 የተዋሐደችው የሆላንድ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ለወንድና ለሴት ጋብቻ አንድ የቡራኬ ቃል፣ ለሌሎች ጥንዶች ሌላ የቡራኬ ቃል በማበጀት ልዩነቱን ጠብቃለች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊሏን አልለወጠችም። ሁሉም በአንድ ሕግ ሥር አብረው ይኖራሉ።

፬. ወደ ራሳችን

የእኛ አገር አደረጃጀት ከዚህ የተለየ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስቱንም የጋብቻ ዓይነቶች እኩል ያጸናል። ቤተ ክርስቲያኑ የሚያጋባው ለመንግሥትም ስለሚያጋባ፣ ቀኖናና ሕግ በአንድ ልብስ ተጠቅልለዋል። በታኅሣሥ 2008 በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች መሪዎች ድርጊቱ በሕገ መንግሥት ጭምር እንዲከለከል በአንድ ድምፅ መጠየቃቸው ከዚህ ልማድ የመጣ ይመስለናል። ጥያቄያቸው የአካል ተኽት ሦስተኛ ነጥብ በሌላ ቋንቋ ነው፤ የቀረበበት ትችትም ያው ነው። እንዲያውም የእኛ ይብሳል። በካናዳ የነበረው ክርክር ስለ ጋብቻ ነበር፤ በእኛ አገር ግን ሕጉ አስቀድሞ ያስራል።

የሃይማኖት መሪዎቻችን ስለ ተክሊልና ስለ ኒካሕ የሚሉትን የማለት መብታቸው ሙሉ ነው። ያንን አንነካም። የምንጠይቀው፣ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት የምትለውን ሁሉ ዓቃቤ ሕግ መክሰስ አለበት ወይ? የሚለውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ስስትን፣ ሐሜትንና ጾም መግደፍን ታወግዛለች። ለእነዚህ የምታዝዘው ንስሓ እንጂ ወኅኒ ቤት አይደለም። አንዱን ኃጢአት ከሌሎቹ ነጥሎ ለፖሊስ ማስረከብ የነፍስ አባትን ሥራ ለመርማሪ መስጠት ነው።

የቋንቋውም ነገር አብሮ ይታይ። በአማርኛ ለነገሩ በሕግም በመንገድም የሚነገረው ቃል ‹ግብረ ሰዶም› ነው። ቃሉ ስም ብቻ ሳይሆን ፍርድም ነው። የዘፍጥረት ዐሥራ ዘጠነኛ ምዕራፍ ታሪክ ግን ከቀደመው ምዕራፍ ጋር ሲነበብ፣ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶችን ተቀብሎ እግራቸውን ሲያሳጥብ፣ የሰዶም ሰዎች ደግሞ በሎጥ ደጅ ተሰብስበው በእንግዶቹ ላይ ግፍ ለመፈጸም ሲሹ ያሳያል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በዐሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ የሰዶምን በደል ሲዘረዝር ትዕቢቷንና ጥጋቧን፣ ድኻውንም አለመርዳቷን ያስቀድማል። የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ በዚህ ብቻ እንደማይወሰን እናውቃለን። ቢሆንም በዚያ ታሪክ ውስጥ የእንግዳ መገፋት መኖሩን ማንም ሊክድ አይችልም። ስደተኛ የሆነ ሕዝብ ይህን ዘንግቶ ቃሉን በሌላ ስደተኛ ላይ ሲወረውር ታሪኩን በግማሹ አንብቦታል ማለት ነው።

፭. የሚቀረን ሥራ

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል፣ ነገሩ በሆላንድ በተጨባጭ የሚገጥመንን ስፍራ እንጠቁም። በዘ ሄግ የሚገኘው የመንግሥት ምክር ቤት ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ሰጪ አካል ነው። በዚህ ምክንያት የሚሰደድ ሰው በስደተኞች ሕግ ጥበቃ ሊያገኝ እንደሚችል ያወቀው በ1981 ነበር። ከእርሱ በተላከ ጥያቄ መነሻነት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ7 ኅዳር 2013 ሦስት አፍሪካውያንን በሚመለከት የሰጠው ፍርድ፣ ጥገኝነት ጠያቂው ‹ማንነትህን በአገርህ ደብቀህ ኑር› ሊባል እንደማይገባው ወስኗል። የወንጀል ሕግ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ፣ እስራቱ በተግባር የሚፈጸም ከሆነ ግን እንደ ስደት ግፍ እንደሚቆጠርም ደንግጓል።

እንግዲህ በዚህ ምክንያት ከኢትዮጵያ የሚሰደድ ሰው ሕይወቱን የሚያስረዳው በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ በኩል ነው። አስተርጓሚው ከእኛው መካከል የተገኘ፣ ምናልባትም በበዓል ቀን በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኘው ሰው ነው። ተጠያቂው ስለ ራሱ እውነቱን ለመናገር ያለው የታወቀ ቃል ራሱን የሚያስኮንነው ቃል ነው። ቃሉን ቢጠራው ይዋረዳል፤ አድበስብሶ ቢያልፈው አይታመንም። ዳኛው ሆላንዳዊ ቢሆንም የፈተናው ጽሕፈት በእኛ ቋንቋ ነው። ‹የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር›፣ ‹የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ› የሚሉት አነጋገሮች ረዣዥም ቢሆኑም ሳይፈርዱ ይሰይማሉ። በጽሑፋችን፣ በትርጉም ሥራችንና በመዝገበ ቃላታችን እነርሱን ማስለመድ የፖለቲካ አቋም መያዝን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሙያዊ ታማኝነትን ብቻ ነው።

እኛ የስደት ምሁራን ስለ ሰብአዊ መብት ብዙ ገጾች ጽፈናል። በቀይ ሽብር ዘመን ሰው በሐሳቡ መገደሉን፣ ከዚያም ወዲህ ሰው በቋንቋውና በትውልዱ መፈናቀሉን አውግዘናል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2014 ይህን ድርጊት ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ጋር ለመደመር አስቦ ሲተወው፣ በ2023 ደግሞ የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን በዚሁ ጉዳይ ሲፈትሹ፣ ከመጽሔቶቻችን የተሰማው ድምፅ እጅግ ጥቂት ነው። ዝምታው የመጣው ነገሩን መርምረን ከመወሰን ቢሆን ኖሮ ይከበር ነበር። የመጣው ግን ማኅበራችን እንዳይከፋፈል፣ ካህናቱ እንዳይቀየሙ፣ የመንግሥት ደጋፊዎችም ‹የፈረንጅ አገልጋዮች› እንዳይሉን ከመፍራት ነው።

ከሲኮች የምንወስደው ትምህርት የመልሳቸውን ይዘት አይደለም። የአካል ተኽትን ቃል የሚቀበሉና የሚቃወሙ ሲኮች በግልጽ፣ በየስማቸው፣ ከመጽሐፋቸው እየጠቀሱ ይከራከራሉ። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያናችን የአንድምታን ጥበብ ይዘው፣ የእስልምና ዑለማዎቻችን የፊቅህን ዘዴ ይዘው፣ የሕግ ባለሙያዎቻችንም አንቀጽ 629ን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 እና 26 ጋር እያነጻጸሩ በአንድ ጉባኤ ቢነጋገሩ ውጤቱ ምን ይሆናል ብለን አስቀድመን አንተነብይም። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን እንዲለያዩ እንጠይቃለን፦ ቤተ እምነቱ ማንን ያጋባል? መንግሥት የማንን ጋብቻ ይመዘግባል? ፖሊስ ማንን ያስራል? ለመጀመሪያው መልስ ሰጪዎቹ አማኞች ናቸው። ለሁለተኛው ዜጎች በሙሉ ናቸው። ሦስተኛው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት እስኪፈቱ ድረስ የሚቆይ አይደለም፤ በየዕለቱ ሰው ይታሰርበታል፣ ሰው ይሰደድበታል። ስለዚህ መልሱ ከሦስተኛው ይጀመር።